ኮርቻ አይዋሽም

በእኛ ጋራዥ ሰው ተለክቶ አያውቅም ነበር። ሕጉን ያወጣው አባዬ ነው፤ እኔም ከሱ ጋር መሥራት ከጀመርኩ ወዲህ ጥሼው አላውቅም። ደንበኛ አሮጌ ሞተር ሳይክሉን እየገፋ መጥቶ «እንደ አዲስ፣ በልኬ ሥሩልኝ» ሲል፣ ሌላ ቤት ቢሆን ሰውየውን ግድግዳ አስደግፈው ክንዱንና እግሩን በሜትር ይለኩታል። አባዬ ሰውየውን ዞር ብሎም አያየው። ሞተሩ አጠገብ ቁጢጥ ይልና መዳሰስ ይጀምራል። የመቀመጫው ቆዳ የት ጋ እንደጎደጎደ፣ ጉልበት የቤንዚኑን ጋን ቀለም የት ጋ እንደላጠው፣ ተረከዝ የእግር ማሳረፊያውን ጎማ የት ጋ እንደበላው፣ መዳፍ መሪውን የት ጋ እንዳለሰለሰው እያየ በጠመኔ ምልክት ያደርጋል። ከዚያ ተነስቶ «በል ሂድ፣ ሲያልቅ እንጠራሃለን» ይለዋል። ሰውየው «እንዴ፣ እኔን አይለኩኝም?» ካለ መልሱ «ተለክተሃል» ነው።

«ሰው ስለ ራሱ ሲጠየቅ ይዋሻል» ይል ነበር። «ሜትር ሲያይ ሆዱን ይስባል፣ አንገቱን ይሰግጋል፣ ደረቱን ይነፋል። ኮርቻ ግን አይዋሽም።» ሌላው መካኒክ ሁሉ መቀመጫ የሚለውን እሱ ኮርቻ ነው የሚለው። ፈረስ የጋለበ እንዳይመስላችሁ፤ በቅሎ እንኳ ከሩቅ ሲያይ መንገድ ይቀይር ነበር።

የተጣመመ ቸርኬ ሲያቃና ስለኖረ ለሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ቸርኬ ነው። እኔን ደግሞ ካንዴላ ይለኛል። ካንዴላ ሞተር ውስጥ ገብታ እሳት የምትረጨው ናት፤ ለምን እንዳወጣልኝ ትንሽ ከቆያችሁ ትደርሱበታላችሁ።

አንድ ቀን ጠዋት አባዬ ሲነሳ ቀኝ እጁ አብሮት አልተነሳም። ተጋግዘን ሆስፒታል አደረስነው። ነፍሱ ተረፈች፤ እጁ ግን እንደተንጠለጠለ ቀረ፣ ቀኝ እግሩ መጎተት ጀመረ፣ አፉም ወደ አንድ ጎን ጠመም አለ። ሐኪሟ እኔንና ወንድሜን ወደ ኮሪደሩ ጠርታ፣ የመታው ስትሮክ እንደሆነ፣ ሁለተኛው ከመጣም እንደማይተርፍ ነገረችን። መቼ ነው የሚመጣው አልናት። እሱን እኔም አላውቅም አለች። እውነቷን ነው፤ በዚያች ሰዓት ግን ላንቃት ምንም አልቀረኝም።

ወደ ቤት በገባ ሰሞን አንድ ከሰዓት በኋላ ከዘራውን ተደግፎ ጋራዡ ድረስ መጣ። ጥግ ላይ ሸራ የለበሰ ሞተር አለ። የራሱ ነው፤ እኔም ወንድሜም ሳንወለድ የገዛው። መኪና መንገድ ላይ የቆመበት ሰው ሲጠራው መፍቻዎቹን ወገቡ ላይ ታጥቆ የሚበረው በሱ ነበር። እማዬን የሞሸርኳት በዚህ ላይ ነው እያለ ይፎክር ነበር፤ እሷ ግን «ውሸቱን ነው፣ በእግሬ ነው የመጣሁት» ትል ነበር።

«ካንዴላ፣ ሸራውን ግለጪው» አለኝ።

ገለጥኩት። አቧራው ሲበርድ ሁለታችንም አየነው። ጎማው ተኝቷል፣ ብረቱ ዝጓል፣ የኮርቻው ቆዳ ግን አሁንም አባዬ ከላዩ የተነሳ ነበር የሚመስለው። ወደ ግራ ዘመም ብሎ የመቀመጥ አመል ነበረው፤ ጎድጓዳውም ወደ ግራ ዘመም ያለ ነው።

«እንድነዳው አድርገሽ ሥሪልኝ።»

«አባዬ፣ በየትኛው እጅህ?»

«ባለኝ እጅ ነዋ። ሁለተኛው ሳይመጣ፣ አንድ ጊዜ በራሴ እጅ ከዚህ በር ልውጣ። ኋላ ተሸክማችሁ ስታወጡኝማ እኔ አላየውም።»

ሐኪሟ ያለችንን አልነገርነውም ነበር። ለካ እሱ ቀድሞን ያውቃል። ፊቴን አዙሬ የማያስፈልገኝን መፍቻ መፈለግ ጀመርኩ።

ወንድሜ አናጢ ነው። ታላቄ ነው፤ ስናደድበት ግን እኔም እንደ ሰፈሩ አናጢው እለዋለሁ። ሱቁና ጋራዣችን በአንድ ግድግዳ ይገናኛሉ፤ በኛ በኩል መዶሻ፣ በሱ በኩል መጋዝ። አልጋ ይሠራል፣ በር ይሠራል፣ ሰው ሲሞት የሬሳ ሣጥን ይሠራል። ብዙ አይናገርም። የሁለታችንንም ድርሻ እኔ ስለምናገረው ይሆናል።

እማዬ ስትሞት ሣጥኗን የሠራው እሱ ነው። ለሌላ እጅ አልሰጥም ብሎ ቢጫ ሜትሩን ይዞ ገባና ለካት። አባዬ በሩ ላይ ቆሞ ያየው ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ ያ ሜትር የጋራዡን ደፍ አልፎ አያውቅም። ለብረት ማስመሪያና ካሊፐር አለን፤ ለሰው ግን ምንም የለንም። ሰው አለመለካት በፊት የሥራ ዘዴ ነበር፤ ከእማዬ በኋላ ሌላ ነገር ሆነ። «በቁሙ የሚለካ ሰው የለም» ማለት ጀመረ። ልብስ ሰፊዎች ቢሰሙት ምን እንደሚሉ እንጃ፤ እኔ ግን አፌን ዘግቼ ሕጉን አከበርኩ።

የአባዬን ፍላጎት ስነግረው ወንድሜ መጋዙን አስቀመጠ።

«ግማሽ አካሉ የማይታዘዝለትን ሰው ሞተር ላይ? ልትገድይው ነው?»

«እሱ ነው የፈለገው።»

«እሱ ብዙ ነገር ይፈልጋል። ቤቱ ቁጭ ብሎ፣ መድኃኒቱን እየዋጠ፣ ትንሽ ቢቆይልን ምን አለበት?»

ደሜ ፈላ። ልክ ልኩን ነገርኩት። ፈሪ ነህ አልኩት፣ እንጨት ስትልግ ኖረህ አንተም እንጨት ሆነሃል አልኩት። እዚያ ላይ ባቆም ጥሩ ነበር፤ ግን ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነና «ሣጥኑን ከወዲሁ ጀምረህለት ከሆነ ንገረኝ» አልኩት። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ፊቱ ዐመድ መሰለ። መጋዙን አንስቶ ጀርባውን ሰጠኝ።

ተኳረፍን። በግድግዳው ማዶ መጋዙን እሰማለሁ፣ እሱም መዶሻዬን ይሰማል፤ እንደዚያ ሰነበትን። ከዚያ አንድ ጠዋት ትከሻው ላይ ጣውላ ተሸክሞ ጋራዡ በር ላይ ቆመ።

«በሁለት ጎማ አይሆንም፤ ይወድቃል» አለ። «ከጎኑ ሌላ ጎማ ያለው ተቀጥላ ያስፈልገዋል፤ ሳይድካር። ብረቱን አንቺ ሥሪ፣ እንጨቱን እኔ።»

ይቅርታ ልጠይቀው አፌን ስከፍት «ስፋቱን ንገሪኝ» ብሎ አቋረጠኝ። ያው እንጨት ነው ብዬ ተውኩት።

ሞተር ሳይክል የቀኝ እጅ ዕቃ ነው። ነዳጁ በቀኝ፣ የፊት ፍሬኑ በቀኝ። ሁሉንም ወደ ግራ አዞርኩት። ማርሽ ሲቀየር የሚያዘውን፣ ግራ እጅ ይዞት የነበረውን ፍሪሲዮን ወደ ግራ እግር አወረድኩ። ማርሹን ከቤንዚኑ ጋን አጠገብ በግራ እጅ በሚሳብ ዘንግ ለወጥኩት፤ ዘንጉን ከድሮ የውሃ ቧንቧ ነው የሠራሁት፣ ጫፉ ላይ ወንድሜ ከእንጨት የላገው ጉልላት አለ። ለቀኝ እግሩ የኋላ ፍሬኑን ብቻ ተውኩለት፤ እግሩን ማንሳት ነው እንጂ የሚያቅተው መርገጥስ ይረግጣል። ቀኝ እጁ ደግሞ ዝም ብላ እንዳትንጠለጠል መሪው ላይ የምታርፍበት የቆዳ ቀለበት ሰፋሁላት። ሥራ ባይኖራትም ቦታ ይኑራት ብዬ ነው።

ቴላዮው፣ ማለትም ሁሉም የሚታሰርበት የብረት አጽም፣ ሳይድካሩን እንዲሸከም አዲስ ብረት ተበየደበት። ይሄን ስሠራ መሪው ምን ያህል ይራቅ፣ እግር ማሳረፊያው የት ይውረድ የሚለውን ሁሉ አባዬ ባስተማረኝ መንገድ ከሞተሩ ላይ አነበብኩ። ጉልበት የላጠው ቀለም እዚህ፣ ተረከዝ የበላው ጎማ እዚህ። ኮርቻውማ የዕድሜዬን ሥራ ነው የሠራሁት። ቆዳው ተበጣጥሶ ስለነበር ጎድጓዳው ውስጥ ጀሶ አፍስሼ ቅርጹን ቀዳሁና፣ አዲሱን ስፖንጅ በሱ ልክ ጠርቤ ቆዳ አለበስኩት። የአባቴ መቀመጫ በጀሶ ተሠርቶ ጠረጴዛ ላይ ዋለ። ወንድሜ ሲያየው «ለሐውልት ነው?» አለኝ። ከኩርፊያው በኋላ የመጀመሪያ ቀልዱ ነበር።

አባዬ በሩ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጦ ያያል። ጣልቃ አይገባም፤ አንዳንዴ ብቻ «ያ ቡሎን አልጠበቀም» ይላል፣ ስሄድ እውነትም አልጠበቀም። ወንድሜ የሳይድካሩን ገላ አምጥቶ ሲያስቀምጥ፣ ረዘም ብሎ አራት ማዕዘን ነበር፣ አባዬ አየት አደረገውና «ልጄ፣ እጅህ ሌላ ቅርጽ አያውቅም?» አለው። ወንድሜ ድርቅ አለ። አባዬ ግን በዚያ በጠመመ አፉ እየሳቀ ነበር፤ በመጨረሻ ሦስታችንም ሳቅን። ወንድሜ ገላውን መልሶ ወስዶ ፊቱን ጠርቦ አሾለው፤ ኋላ ሲታይ የጀልባ አፍንጫ መሰለ።

ሌላም ሕግ አለን፤ ሞተሩ ሳይነሳ ባለቤቱ አይወጣበትም። ያላለቀ ሥራ ላይ ሰው ማስቀመጥ ነውር ነው ይላል አባዬ። ስለዚህ አላስቀመጥኩትም። አንድ ቀን፣ «እስቲ ብቻ ውጣበትና ልይህ» ብለው ኖሮ ስንት ነገር በቀረልኝ።

ሞተሩ የተነሳ ዕለት አባዬ የድሮ የቆዳ ጃኬቱን አምጡልኝ አለ። ወንድሜና እኔ አለበስነው። ትከሻው ወደ ክንዱ ወረደ፣ እጅጌው ጣቶቹን ዋጠ። ቆዳ ሲያረጅ ይሰፋል አልኩ ለራሴ። መካኒክ ነኝ፤ ቆዳ ሲያረጅ እንደሚኮማተር አሳምሬ አውቃለሁ። ግን እንደዚያ አልኩ።

ደግፈን አወጣነው። ኮርቻው ላይ ተቀመጠ፣ አልተቀመጠምም፤ ሰመጠ። ልጅ አባቱ ወንበር ላይ ሲወጣ እንደሚሆነው ነበር የሆነው። ጉልበቱ፣ ጉልበት ከላጠው ቦታ አልደረሰም። እግሩ ማሳረፊያውን ፈልጎ አየር ላይ ቀረ። ግራ እጁን ዘረጋ፤ መሪውን የነካው በጣቱ ጫፍ ነው። ሞተሩ ከሥሩ በሚያምር ድምፅ ይመታል፤ እኔ ያን ድምፅ ለመስማት ስንት ነገር ፈትቼ ገጥሜያለሁ፤ እና በዚያች ሰዓት ድምፁ ራሱ አስጠላኝ።

 አባዬ አንዴ ተጠጋ፣ ደግሞ ተጠጋ። ሲጠጋ ከጎድጓዳው ጠርዝ ላይ ይንሸራተትና ተመልሶ ይገባል። ያኔ ነው የገባኝ። ኮርቻው አልዋሸኝም ነበር። እውነቱን ነው የነገረኝ፤ ግን የዚያን ትከሻ ሰፊ፣ መፍቻ ታጥቆ የሚበር ሰውዬ እውነት። እኔ ያን ሁሉ ጊዜ በሩ አጠገብ የተቀመጠውን አባቴን ጀርባዬን ሰጥቼ፣ ለሌለ ሰው ስሠራ ነበር የከረምኩት።

«አጥፊው» አለ አባዬ።

አጠፋሁት።

«ይሄ የሱ ነው።»

«የማን?»

«የዚያ ሰውዬ። ጥሩ አድርገሽ ሠርተሽለታል። ቢኖር ደስ ይለው ነበር።»

እኔ ስናደድ አለቅሳለሁ፤ መጥፎ አመሌ ነው፣ ሰው ያዘንኩ ይመስለዋል። ያን ዕለት ግን ሁለቱም ነበር። በራሴ ተናድጄ፣ ለሱ አዝኜ፣ በቆሸሸ መዳፌ ፊቴን ስጠርግ ግራሱን ሁሉ ተቀባሁት። ግራይንደሩን አነሳሁ፤ አሁኑኑ እቆርጠዋለሁ፣ አሳጥረዋለሁ አልኩ። ወንድሜ እጄን ያዘኝ። «በምን ልክ ነው የምታሳጥሪው?» አለኝ። ግራይንደሩን መልሼ አስቀመጥኩት።

አባዬ ከኮርቻው ላይ ሆኖ ያየናል። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» አለኝ፤ ለወጉ ያህል ፈገግ አለ። ከዚያ ፈገግታው ጠፋና ወደ ወንድሜ ዞረ።

«ሜትርህን አምጣ።»

ወንድሜ አልተንቀሳቀሰም።

«አባዬ፣ በማስመሪያ ልንሠራው እንችላለን» አልኩ እኔ።

«በማስመሪያ እኔ አልለካም። በስንት ጊዜዬ ብለካ በደንብ ልለካ። አምጣው አልኩህ።»

ወንድሜ ወጥቶ ቢጫ ሜትሩን ይዞ መጣ። ደፉ ላይ ሲደርስ ቆም አለ፣ ከዚያ ተሻገረ። አባዬን በርጩማ ላይ አስቀመጥነው፤ ጃኬቱን አወለቅንለት። በሸሚዝ ብቻ ሲቀር ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ አየሁ። ወንድሜ ተንበርክኮ የሜትሩን ጫፍ ተረከዙ ላይ አደረገ።  ሜትሩ ትርር ብሎ ወደ ቤቱ ተመለሰ። እንደገና ሞከረ፣ እንደገና አመለጠው።

«እኔ ልለካ፣ አንተ ጻፍ» አልኩት።

ጠመኔ ሰጠሁት፤ ግድግዳው ላይ ሊጽፍ ቆመ። እኔ ተንበረከኩ። ከተረከዝ እስከ ጉልበት ለካሁና ቁጥሩን ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ከጉልበት እስከ ዳሌ። ትከሻ ለትከሻ። ከትከሻ እስከ መዳፍ፣ ግራውን። አባቴን እንደዚያ ነክቼው የማውቅ አይመስለኝም፤ እኛ ቤት አንድ ላይ የሚነካው ብረት ነው። ጭኑ በሱሪው ውስጥ የመጥረጊያ እንጨት ያህል ነበር። ሆዱን አልሳበም፣ ደረቱን አልነፋም። እንዳለ ተቀምጦ ነበር የተለካልኝ።

በመጨረሻ የንፋስ መከላከያ መስታወቱን ከፍታ ለማወቅ ከመቀመጫው እስከ አናቱ ለካሁት። ቁጥሩን ተናገርኩ። ጠመኔው ግድግዳውን ሲቧጭር ሰማሁ፣ ከዚያ ቆመ። ዘወር ስል ወንድሜ ጠመኔውን መስኮቱ ላይ አስቀምጦ ወጥቶ ሄደ።

«የት ነው የሚሄደው? ገና አልጨረስንም እኮ» አልኩ። ደሜ እንደገና ሊፈላ ነበር።

«ተይው» አለ አባዬ። «የሱ ሥራ ካንቺ ይከብዳል።»

ምን ማለቱ እንደሆነ አልጠየቅኩም። ተናድጄ ነበር።

መሪውን ወደ ኋላ ሳብኩት። ማሳረፊያዎቹን ከፍ አደረግኩ። ቴላዮውን መሀሉ ላይ ቆርጬ አሳጥሬ መልሼ በየድኩት፤ ስበይድ ከመነጽሩ ሥር እንባዬ ይወርዳል፣ ጭሱ ነው እላለሁ። ኮርቻው ነው የከበደኝ። ያን ጎድጓዳ መሙላት ነበረብኝ። አባዬ ዕድሜውን ሙሉ ተቀምጦ የቆፈረውን በአንድ ቁራጭ ስፖንጅ ደፈንኩት፤ በላዩም ጠበብ ያለ፣ ጠፍጣፋ አዲስ ኮርቻ ሠራሁ። ማንም ያልተቀመጠበት ኮርቻ። ለአባዬ እንደዚህ ያለ ነገር እሰጣለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

የነዳበት ጠዋት ፀሐይ ገና ጣሪያዎቹ ላይ ነበረች፤ መንገዱ ባዶ ነው። ባዶ ሳይድካር ኩርባ ላይ ስለሚነሳ ሰው መቀመጥ ነበረበት። ልገባ ስል አባዬ «አንቺ አይደለሽም፤ እሱ ይግባ» አለ። ቀናሁ፤ አልደብቅም። ሠርቼ ሠርቼ ከበር ልቀር ነው? ወንድሜ ያን ሁሉ «ልትገድይው ነው» ብሎኝ ሲያበቃ፣ ራሱ በጠረበው የጀልባ አፍንጫ ውስጥ ገብቶ ጠርዙን በሁለት እጁ ጨመደደ። ከንፈሩ ነጭ ሆኖ ነበር።

አባዬ ተቀመጠ። ጉልበቱ ቦታውን አገኘ። እግሩ ማሳረፊያው ላይ ዐረፈ። ቀኝ እጁን አንስቼ ቀለበቷ ውስጥ አስገባሁለት፤ ግራውን ራሱ አስቀመጠ፣ በሙሉ መዳፉ። መርገጫውን ረግጬ ሞተሩን አስነሳሁ። አባዬ አላየኝም። ወደ ፊት ነው የሚያየው። ፍሪሲዮኑን በቀስታ ለቀቀና ሄደ። በሩን አለፈ። በራሱ እጅ፣ ከዚያ በር ወጣ።

መሀል መንገድ ላይ ቆሜ አዳመጥኩ። ሁለተኛ ማርሽ ገባ። ሦስተኛ ሲገባ ትንሽ ተንገጫገጨ፣ ከዚያ ተስተካከለ። ድምፁ ቀጠነ፣ ከዚያ ጠፋ። የጠፋበት ጊዜ ረዝሞብኝ በልቤ ስንት ጊዜ ገደልኳቸው። ጎረቤታችን የዳቦ ቤቱ ሴትዮ ወጥታ አጠገቤ ቆመች፤ አንድም ነገር አላለችኝም፤ እግዜር ይስጣት።

በሌላኛው መንገድ ዞረው መጡ። የወንድሜ ዓይን በንፋሱ አልቅሶ ፊቱ ረጥቧል፣ ይስቃልም። «ድልድዩ ላይ እጁን ለቀቀ ብዬ ልጮህ ስል፣ ለካ ማርሽ እየቀየረ ነው» አለኝ። አባዬ ሞተሩን አጥፍቶ ለትንሽ ጊዜ እንደተቀመጠ ቀረ። ግራ እጁ መሪውን አልለቀቀም።

«ሦስተኛው ማርሽ ይነክሳል» አለኝ። «እዪው።»

«እሺ፣ አባዬ።»

«ኮርቻው ይቆረቁራል። ግን ይለመዳል።»

አልተለመደም፤ ጊዜ አልሰጠውም። ጠዋት ጠዋት አናጢውን ከጎኑ አስቀምጦ ጥቂት ጊዜ ወጥቷል፣ አንዴም እኔን ይዞኛል፤ ስለሱ መናገር አልችልም። ከዚያ ሁለተኛው መጣ። እንደ መጀመሪያው በጠዋት ነበር። በዚህኛው የተነሳ እጅ አልነበረም።

ቤቱ በሰው ሲሞላ እኔ ሹልክ ብዬ ጋራዡ ገባሁ። ሞተሩ አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ትንሽ ቆይቶ ወንድሜ መጣ። ሜትሩ በኪሱ አፍ ላይ ቢጫ ሆኖ ይታያል። ለካኸው ወይ ብዬ ልጮህበት ነበር። እንደ እማዬ ለካኸው ወይ?

«አልለካሁትም» አለ፣ ሳልጠይቀው።

ወደ ግድግዳው አየሁ። በጠመኔ የተጻፉት ቁጥሮች አልጠፉም። ተነስቼ ወደ ቁጥሮቹ ተጠጋሁ። «ላንብብልህ» አልኩት። «ከተረከዝ እስከ ጉልበት...»

«አያስፈልግም። ደምሬዋለሁ።»

«መቼ?»

 ጠመኔው አሁንም ወንድሜ ያስቀመጠበት መስኮት ላይ ነበር፤ አንስቶ በጣቶቹ መሀል አሸት አሸት አደረገው።

«ያን ዕለት» አለ። «አንቺ ስትጠሪልኝ፣ ስጽፍ። እግሩን፣ ጭኑን፣ ከዚያ እስከ አናቱ። እኔ አላሰብኩትም፤ ራሱ ተደመረ። እጄ የለመደው እሱን ነው። ጣውላው ከየትኛው እንደሚቆረጥ ሁሉ መጣልኝ። ያኔ ነው የወጣሁት።»

«ሣጥኑን ከወዲሁ ጀምረህለት ከሆነ ንገረኝ» ብዬው ነበር። በሕይወቴ ብዙ ክፉ ነገር ተናግሬያለሁ፤ ያን ያህል የቆጨኝ የለም።  አባዬ ግን ያኔም አውቆት ነበር፤ በርጩማው ላይ ተቀምጦ፣ ሁለት ልጆቹ በአንድ ሜትር ሲለኩት፣ አንዱ ለሞተር፣ አንዱ ለዚያ። አውቆ ነው እንዳለ የተለካልን።

«ብቻህን አትሠራውም» አልኩት።

ወንድሜ ራሱን ነቀነቀ። በግድግዳው ማዶ ወዳለው ሱቁ አብረን ሄድን። ጣውላው ጥግ ላይ ቆሞ ነበር። እኔ ጫፉን ያዝኩለት፣ እሱ መጋዙን ሳበ።